ማንም አልነካትም

ሞተሩ ተነሳ፣ ሁለቴ አስነጠሰውና ጸጥ አለ።

«ሽማግሌው ገና ሳይነዳት እንቅልፍ አስወሰዳት!» ብሎ ጮኸ ባሪ፣ ከጎን ከቆመችው ፎደን የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሆኖ። ሜዳው ላይ ከነአሮጌ መኪኖቻቸው የተሰለፉት ጡረተኛ ሾፌሮች ሳቁ። ዊልፍም አብሯቸው ሳቀና ማስነሻውን እንደገና ተጫነው። አሁን ማስነጠሱም ቀረ።

ዴዝ ከዊልፍ የጭነት መኪና፣ ከአትኪንሰኗ በር ሥር ቆሞ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። እጁ ናፍታ ናፍታ ይሸታል። ቅድም ዊልፍ ሻይ ሊያመጣ ሲሄድ፣ ከነዳጅ ጋኑ ሥር አጎንብሶ ናፍታ ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈውን ሩቢኔት የዘጋው በዚሁ እጁ ነው።

ዴዝን የለመነችው የዊልፍ ልጅ ሞሪን ናት። «አጎቴ ዴዝ፣ እባክህ መንዳት ይብቃህ ብለህ አንተ ንገረው። እኔን አይሰማኝም።» ባለፈው ወር አባቷ ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት የተረፈችው ለጥቂት ነው። ዊልፍ ግን እስከ ዛሬ መብራቱ አረንጓዴ ነበር ብሎ ይምላል። ዛሬ ደግሞ የመኪኖቹ ሰልፍ የሻፕን ተራራ ቁልቁለት ወርዶ መንደሩን ያቋርጣል፤ መኪኖቹን ለማየት ልጆች መንገድ ዳር ይኮለኮላሉ።

ዴዝ እነግረዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ጠዋት ሲመጣ ዊልፍ የድሮ የሥራ ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ የመኪናዋን ግንባር በጨርቅ ሲወለውል አገኘው። አንደበቱ እምቢ አለው። እጁ ግን እሺ አለ። መኪና ተበላሸ ቢባል ማን ያፍራል ብሎ ነው።

«አንተ ዝም በል!» አለ ዊልፍ ወደ ባሪ ዞሮ። «ያንተዋ ዳገት ስትጀምር ሾፌሩ ወርዶ በእግሩ አይቀድማትም ነበር?»

«መቅደም ብቻ? ሻዬን ጠጥቼ ጨርሼ እጠብቃት ነበር!» ባሪ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ዴዝ፣ ያ ክረምት ትዝ ይልሃል? ናፍታህ እንደ ጮማ ረግቶ ሻፕ ላይ ስትቀር? ይሄ እብድ አይደል በረዶው ላይ ተኝቶ፣ ጋዜጣ እያነደደ ቧንቧህን ያሞቀልህ?»

«ቅንድቤንም ጨምሬ ነው ያነደድኩለት» አለ ዊልፍ። «ይኸው እስካሁን አልበቀለም።»

ሳቁ። ዴዝም ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱ ጆሮ የሌላ ሰው መሰለው።

በዚያ ዘመን ሩቢኔት መዝጋት የሾፌር ቀልድ ነበር። መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ጠግበህ ስትወጣ አንዱ ተንኮለኛ ዘግቶብህ ይሄዳል፤ ብዙም ሳትርቅ ትቆማለህ። ስለዚህ ማንም ሾፌር ከጋኑ ሥር ሳይዳብስ አይነሳም ነበር። ቀልዱ ግን ወሰን ነበረው። መኪናዬን ጠብቅልኝ ብሎህ በሄደ ሰው ላይ አይደረግም።

ዊልፍ ማስነሻውን ለቀቀና በሩን ከፈተ። አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ። «ዴዝ፣ ሻይ ላመጣ ስሄድ እዚሁ ነበርክ አይደል? ማንም አልነካትም?»

ከሻዩ ድንኳን አጠገብ ሞሪን ቆማ ታያቸዋለች።

«ማንም አልነካትም» አለ ዴዝ።

ዊልፍ አመነው። እግሩን መልሶ ጋቢናው ውስጥ አስገባና በሩን ዘጋ።

ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዴዝ አየ። ማርሹን ነካ፣ ነፃ ነው። ማጥፊያውን ነካ፣ በቦታው ነው። የእጅ ፍሬኑን፣ ነዳጅ መስጫውን። እንደ ቄስ ተማሪ ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ አንድም ሳይዘል ወጣው። ማስነሻውን ተጫነ። ምንም የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ባሪ አሁን አይቀልድም፤ ዓይኑን ወደ ሌላ መልሷል። ከፊት ያሉት መኪኖች ጥቁር ጭስ እየተፉ አንድ በአንድ ከሜዳው መውጣት ጀመሩ።

«ዴዝ» አለ ዊልፍ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ነገር ረስቻለሁ። የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። አንተ ታውቀዋለህ?»

ምንም አልረሳህም። ከዴዝ የሚጠበቀው ይህንን ማለት ብቻ ነበር። ቢለው ግን ዊልፍ መሪውን ይዞ ልጆቹ ወደተኮለኮሉበት መንገድ ይወርዳል።

«እስቲ እኔ ልሞክራት» አለ ዴዝ።

ዊልፍ መሪውን በመዳፉ አንዴ ዳበሰው። ከዚያ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ያለውን የሞተር ክዳን ተሻግሮ፣ ቀስ ብሎ ወደ ረዳቱ ወንበር አለፈ። «ለሞሪን እንዳትነግራት» አለ ወደ ፊት እያየ። «መኪናዋ ናት እምቢ ያለችው በላት። እንደረሳሁ አትንገርብኝ።»

«አልነግራትም።»

ዴዝ ቧንቧውን ልይ ብሎ ከጋኑ ሥር ገባ። ሩቢኔቱን ከፈተ፤ በእጅ ፓምፑ ናፍታውን ስቦ ወደ ሾፌሩ ወንበር ወጣ። አትኪንሰኗ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ዊልፍ ድምጿን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

በቁልቁለቱ ላይ ልጆቹ የድንጋይ አጥር ላይ ወጥተው ለሾፌሩ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዴዝ ማርሹን ሳተውና የማርሽ ሳጥኑ ጥርሶች ተንጫጩ። አፍሮ ወደ ጎን ሲያይ፣ የዊልፍ ዓይን መንገዱ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማርሽ የለወጠበት ግራ እጁ ግን ጉልበቱ ላይ፣ ምንም ሳይዝ ተጨብጧል። ሁለተኛው መታጠፊያ ሳይደርስ ያ እጅ ወደ ኋላ ሄደ፣ መሃል ላይ ለአፍታ ጠበቀ፣ ከዚያ ወደ ፊት ገባ፤ ልክ ማርሹ መግባት በነበረበት ሰዓት።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ እስኪያልቅ፣ ዴዝ ማርሽ የለወጠው ያንን እጅ እያየ ነው።