የብራዚል ለውዝ ፍትፍት

"ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጥበታለህ?" አለች ተናኘወርቅ፣ ሳህኑን ወደ ባሏ እየገፋች። "ዛሬ ወፈር አድርጌ ነው የሠራሁት።"

ያደታ ሳህኑን አየ። ቃሪያ ጣል ጣል የተደረገበት ነጭ ፍትፍት ነው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ምሳው ይኸው ነው፤ ከሱፍ ሳይሆን ልጃቸው ሲፋን ከብራዚል ካመጣችው ትልልቅ የዛፍ ለውዝ የሚሠራ። መቼም ሌላ ሴት ይህን አታስበውም። ተናኘወርቅ ግን ተወቅጦ የጾም ወተት የማይወጣው ፍሬ በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም።

ሲፋን የበረራ አስተናጋጅ ናት። ሁለት ኪሎ ለውዙን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ አስጠንቅቃ ነበር። "አባዬ፣ ለአንገትህ ዕጢ ጥሩ ነው፣ ሴሌኒየም የሚባል ነገር አለው። ግን በቀን ሁለት ፍሬ፣ በቃ! ሲበዛ ይጎዳል፤ ማለቴ፣ የምር ይጎዳል።" ያደታ ዕጢህ ደክሟል ተብሎ ኪኒን ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ተናኘወርቅም የልጇን ምክር ሰምታለች፣ ጆሮዋ ደህና ነው። ግን ሁለት ፍሬ እንዴት ይወቀጣል? ሙቀጫው ራሱ ይስቃል። ደግሞስ ለሚወዱት ሰው ሁለት ፍሬ ቆጥሮ መስጠት የት አገር ያለ ደግነት ነው? እሷ እፍኝ ሙሉ ዘግና፣ ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ አጥልላ ታቀርብለታለች።

ዛሬ ጠዋት ያደታ "ስታዲየም ጋ ሰው ላገኝ ነው" ብሎ ወጣ። ውሸቱን ነው። የሄደው ባምቢስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ፀጉሩ በማበጠሪያው ተነቅሎ ይወጣል፣ ጥፍሩ ይሰነጠቃል፣ ሆዱ ይገላበጣል። ነጭ ሽንኩርት ሳይቀምስ ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ክፉ በሽታ ነው ብሎ ደምድሞ፣ ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ሲያብሰለስል ነው የከረመው።

ሐኪሟ የሚበላውን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ፍትፍቱ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አንድ እፍኝ? በየቀኑ?" ከዚያ አስረዳችው። አንድ ሁለት ፍሬ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም፣ እንዲያውም ይጠቅመው ነበር። እንዲህ ሲበዛ ግን ይመርዛል። "የደሙን ውጤት እናያለን፣ እስከዚያ አንዲትም ፍሬ እንዳይቀምሱ። ካቆሙ ፀጉሩም ጥፍሩም ይመለሳል።"

ያደታ ከክሊኒኩ ሲወጣ ልቡ ሊበር ምንም አልቀረውም። እስከ ቂርቆስ በእግሩ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን የሙቀጫውን ድምፅ ሰማና ቀጥ አለ። አሁን ይህችን ሴት ምን ይበላት? "ያሳመምሽኝ አንቺ ነሽ" ይባላል እንዴ፣ ለተናኘወርቅ?

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሳህኑ ፊት የተቀመጠው። አንድ ማንኪያ ጎረሰ።

"ይጥማል?"

"በጣም።"

ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ጉርሻውን እየተከተለች ታየዋለች። ሁለተኛ ደገመ። ሦስተኛ፣ አራተኛ።

"ያዴ፣" አለች በድንገት፣ በሌላ ድምፅ። "ትራስህን ሳነጥፍ ፀጉሩን አይቼዋለሁ። አላየችም ብለህ ነው አይደል?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ለውዙ አንሶህ ነው ብዬ ከሰኞ ጀምሮ እጥፍ አድርጌልሃለሁ። እኔ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም እኮ፣ እንዳያልቅብህ ብዬ።"

ያደታ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዛሬ ዝም ካለ በሚመጣው ሰኞ ሦስት እጥፍ ልታደርገው ነው።

"ተናኜ፣ ጠዋት የሄድኩት ሰው ላገኝ አይደለም። ክሊኒክ ነው።"

እጇ ወደ አፏ ሄደ። "ምን አሉህ? በማርያም ንገረኝ!"

"ኧረ ክፉ አይደለም! ለውዙ ነው። በዝቶብኝ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ብተወው ይለቀኛል።"

ተናኘወርቅ ለአፍታ እፎይ አለች። ከዚያ ነገሩ ገባት። "እኔ ነኛ፣" አለች ቀስ ብላ። "ልጄ እየነገረችኝ! በገዛ እጄ!"

"አንቺ ምን አደረግሽ? ለውዙ ነው አልኩሽ።"

"ለውዙ ራሱን በራሱ አልወቀጠም!"

ያደታ ሳቁ አመለጠው። እሷ አልሳቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳህኑን አየችው። ግማሹ ተበልቷል።

"ቆይ፣" አለች። "አትብላ ያሉህ ዛሬ ጠዋት ነው?"

"አዎ።"

"እዚህ ከመቀመጥህ በፊት?"

"አዎ።"

"ታዲያ እያወቅህ ለምን ትበላዋለህ፣ አንተ ሰውዬ?"

ያደታ ጥፋት እንደተገኘበት ተማሪ ማንኪያውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

"እያየሽኝ ነበራ፣" አለ።

ተናኘወርቅ ከወንበሯ ተነሳች። ልትቆጣው መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ከኋላው ዞራ መጣችና የሳሳውን አናቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ከንፈሯን እዚያው እንዳሳረፈች ብዙ ቆየች።