ትኩስ ዘይት

ባልየው ከሞተ ወዲህ አሮጌዋ አውቶማቲክ መኪና ከግቢው ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ባትሪዋ እንኳ ተነቅሎ የሚስትየው አልጋ ሥር ተቀምጧል። ካምቢዮዋ ግን ዘይት ያንጠባጥባል። ሚስትየው ጠዋት ጠዋት ቀዩን ኩሬ መጥረግ እጅ እጅ ብሏታል።

«እትዬ፣ ዛሬ ማንጠባጠቧን ካላቆመች ለብረት ገዢዎቹ ነው የምሰጣት። ዋጋም ተስማምተናል» አላት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም።

«ወሬህን ተውና ሳፋውን ያዝልኝ።»

ጎማዎቹን ወፋፍራም ግንድ ላይ አውጥታቸው ነበርና ሁለቱም በጀርባቸው ተንፏቀው ከሥር ገቡ። በለቅሶው ቀን እንባ እንቢ ያላት ሴት፣ ዛሬም ፊቷ ድንጋይ ነው። የካምቢዮውን የሥር ክዳን ብሎኖች ስታላላ ዘይቱ በክንዷ ላይ ወርዶ ሳፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ።

ዋርሳዋ ጣቱን ነከረና ቶሎ መለሰው።

«ኧረ ይፋጃል! ማን ነድቷት ነው?»

«ማን ይነዳታል፣ አንተ?»

«እንግዲያው ፀሐይ ነው ያሞቀው።»

«ጣራ ሥር?»

ክንዷን አየችው። ተቃጥሎ ቀልቷል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ካምቢዮ እንዲህ የሚግለው ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው ይል ነበር ሟች። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን አዲሱን ጎሚኒ አስገባች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች።

«በቃ፣ ከእንግዲህ የትም አትሄድም» አለች።

ከበላያቸው በር ተከፍቶ ተዘጋ። መኪናዋም፣ ሟች በዚያ ወፍራም ሰውነቱ ሲገባባት እንደምታደርገው፣ በሹፌሩ በኩል ሲጥ ብላ ወደ ደረታቸው ዝቅ አለች።