መጨረሻ የተወጋኸው መቼ ነው?

«መጨረሻ የተወጋኸው መቼ ነው?» ትለኛለች ሲስተር ሸዋረገጥ፣ ከያዘችው ወረቀት ላይ እያነበበች። ከሰቃ ጤና ጣቢያ ነው የመጣችው። ድምጿ የተቆጣ አስተማሪ ነው።

የሆቴሉ አዳራሽ መሀል ወንበር ላይ ጎልተውኛል። ዙሪያዬን ሠላሳ ነርስና ጤና መኮንን አለ። የጉበት ቫይረስ የያዘውን ሱሰኛ፣ የመርፌም በለው የመጠጥ፣ እንዴት ሳያስደነብሩ እንደሚያናግሩት እየሠለጠኑ ነው። እኔ መለማመጃቸው ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣችው አሠልጣኝ፣ ዶክተር ሰሎሜ፣ «ሙርሺድ፣ ትወና አያስፈልግም፣ ራስህን ሁን» ብላኛለች። እኔ ደሞ ራሴን ስሆን ሰው ካላሳቅኩ አይሆንልኝም።

እውነቱማ ስድስት ወር ከዐሥር ቀን ነው። አንድ መርፌ እንካፈል የነበርነው ሸኩር ሆዱ ከበሮ አክሎ ሞተ፤ ከቀብሩ ለት ጀምሮ መርፌ ነክቼ አላውቅም። ቫይረሱ እኔም ጉበት ውስጥ አለ። መድኃኒቱ አሁን የመጣው ለአራት ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ስድስት ወር ከመርፌ ለራቀ። እኔ ሦስተኛ ተጽፌአለሁ። ዝርዝሩ ያለው የሚያክመኝ ዶክተር ፈየራ እጅ ነው፣ ሰኞ ሊያስጀምረን።

ግን ይሄን ብል ማን ይስቃል?

«ዛሬ ጠዋት» እላታለሁ። «እዚሁ ሽንት ቤት። ጥጣችሁን ጨርሼባችኋለሁ፣ ሲስተር፣ አፉ በይኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ከሰርቦ ጤና ጣቢያ የመጣው ዘለቀ ጠረጴዛውን ይደበድባል። እሱ ራሱ ከምሳ መልስ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ነው የመጣው፣ ስለ ሱስ ሊማር።

«የት ላይ?» ትላለች ሸዋረገጥ ሳቋን እየዋጠች።

«የእግሬ ጣት መሀል። ክንዴማ ጡረታ ወጥቷል።»

እንደገና ሳቅ። ደስ ብሎኝ ዞር ዞር ስል በሩ ጋ ዶክተር ፈየራን አየዋለሁ። መቼ እንደገባ እንጃ። እሱ አልሳቀም። ከጋዋኑ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል፣ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል፣ አንድ መስመር ይሰርዝበታል። ያንን ወረቀት አውቀዋለሁ፤ የሰኞው ዝርዝር ነው።

ወንበሩን ጥዬ እሄዳለሁ።

«ዶክተር፣ ቀልዴን ነው። ዱጋ ኮ» እለዋለሁ፣ እውነቴን እንደሆነ በኦሮምኛ ሲሰማው ይገባው እንደሆነ ብዬ።

«ራስህን ሁን ተብለህ አይደል የተቀመጥከው?»

«ለማሳቅ ነዋ። ወላሂ ስድስት ወር አልፎኛል። ሽንቴን መርምሩኝ።»

«መመርመሪያው ካለቀ ሁለት ወሩ።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፣ ሙርሺድ። ስትተው ተመለስ።»

«ትቻለሁ እኮ ነው የምልህ።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው» ይልና ወረቀቱን ያጥፈዋል።

ዶክተር ሰሎሜ ሰምታናለች። መጥታ ትከሻዬን ቀስ አድርጋ ትይዝና ወደ ሠልጣኞቹ ትዞራለች። «አያችሁ? መጀመሪያ ያወጣዋል፣ ከዛ ይፈራና ቀልዴን ነው ይላል። እንዲህ ሲላችሁ አትከራከሩት። አትቆጡት።»

ሠላሳ እስክሪብቶ ይጽፋል። ዘለቀ ደብተር ላይ «ቀልዴን ነው ይላል» የሚለውን ከሥሩ ተሰምሮበት አየዋለሁ።

«ከመጀመሪያው እንድገመው» ትላለች ሰሎሜ። «ሲስተር፣ አሁን ወረቀቱን ሳታይ፣ ፈገግ ብለሽ ጠይቂው።»

ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሸዋረገጥ ወንበሯን ጠጋ ታደርጋለች። ፈገግታዋ የምር ነው፣ እናቴ እንኳ እንዲህ ካየችኝ ቆይታለች።

«ሙርሺድ፣ ወንድሜ፣ መጨረሻ የተወጋኸው መቼ ነው?»

በሩን ላለማየት ጉልበቴን አያለሁ።

«ስድስት ወር ከዐሥር ቀን ሆነኝ» እላለሁ። «ጓደኛዬን የቀበርን ለት ነው የተውኩት።»

ከዛ ዘለቀ ፑፍ ብሎ አረንጓዴውን ጫት ጠረጴዛው ላይ ይረጨዋል፣ ሌላውም በሳቅ ይከተለዋል። «ፊቱን እዩት፣ የምር አስመሰለው!» ይላል አንዱ እንባውን እየጠረገ። ሸዋረገጥ ራሷ በወረቀቱ አፏን ጋርዳ ትከሻዋ ይነቀነቃል።

በሩ ጋ ዶክተር ፈየራ ዝርዝሩን ብብቱ ስር ወሽቆ ያጨበጭብልኛል።