ለአንድ እጅ

ሜላት ስትሮክ መቷት ቀኝ እጇ አልታዘዝ ካላት ወዲህ፣ ባሏ ናሆም ሥራዋን ሊያቀልላት ቆርጦ ተነሣ። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ለኮምፒውተሩ የምትጽፋቸውን ረጃጅም ትእዛዞች የምታሳጥርባቸው የራሷ አቋራጭ ስሞች ነበሯት። በአንድ እጅ ሲጻፉ ግን እነሱም ይረዝማሉ። የናሆም ሐሳብ የመጀመሪያውን ፊደል ነክታ ታብ የሚባለውን ቁልፍ ስትጫን ኮምፒውተሩ ቀሪውን እንዲሞላላት ማድረግ ነበር።

እሱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው አልነበረም። ከትምህርት ቤት እየተመለሰ፣ ቪዲዮ እያየ፣ እየተሳሳተ፣ እሷኑ እየጠየቀ አንድ ወር ለፋ። ቅዳሜ ጠዋት ተሳካለት።

"ነይ እስቲ ሞክሪው!"

በግራ እጇ አንዲት ፊደል ነክታ ታብን ተጫነች። ትእዛዙ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ናሆም እንደ ልጅ አጨበጨበ።

"በይ አሁን የመሥሪያ ቤትሽን ሰርቨር ክፈቺበት። ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ!"

ሜላት እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ተጫነው። ኮምፒውተሩ መግባት አይቻልም አለው። ደገመው፤ እንቢ አለ።

"የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ብሎ የጻፈውን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያዘ።

"አልተሳሳትክም" አለችው። "አሰናብተውኛል። ገና ሆስፒታል ሳለሁ ነው።"

"ታዲያ ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ ምነው ዝም አልሽኝ?"

በግራ እጇ ክንዱን ያዘችው።

"ይህን ሥራ ስትጀምር አይደል፣ መታጠቢያ ቤት ተደብቀህ ማልቀስ የተውከው?"