አርባ አንድ ጊዜ «እኛ»

ካሴቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ «እኛ» ባለ ቁጥር አባቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ እኔ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጭረት እጨምራለሁ።

«ስንት ደረሰ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«እህል ቢሆን ጎተራ ይሞላ ነበር።»

ሞጣ፣ ከተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነን። ከቀትር ጀምሮ መብራት የለም፤ ሰማዩም ከብዷል። ካሴቱ ላይ «ታሪካዊ ንግግር፣ መጋቢት 1989» ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት ራሳቸው የንግግሩ ባለቤቶች ናቸው፤ ታሪክ እስኪፈርድ ድረስ የመጠበቅ ትዕግሥት አልነበራቸውም።

ንግግሩ የተደረገው ብቸና አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን፣ የመሬት ድልድሉ በታወጀበት ቀን ነው። በሳምንቱ የአባቴ መሬት በገመድ ተለካ። አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ገደማ፣ ተተወላቸው፤ ወንዝ ዳሩ ለሌላ ሄደ። ምክንያቱ፣ «ቢሮክራሲ» ናቸው፤ የደርግ ሹም ነበሩ ለማለት። በደርግ ጊዜ ለስምንት ወር የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ብዕር የለመደ ሌላ ሰው ስላልተገኘ። ቢሮ የሚባል ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ቃለ ጉባኤውን ሲጽፉ የነበረው ዋርካ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ ነው።

ነገ ጠዋት ብቸና ላይ ይግባኛቸው ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የለም። የመጀመሪያው አቤቱታ የተመለሰው «ድልድሉ በሕዝቡ ሙሉ ስምምነት የጸደቀ በመሆኑ» ተብሎ ነው። አባቴ ታዲያ የካሴቱን ግልባጭ ከቀበሌው አስቀድተው፣ ከቴፑ ጋር በጋቢያቸው ጠቅልለው እኔ ዘንድ መጡ። «ዩኒቨርሲቲ ንግግር መፍታት አስተምረውሃል አይደል? እንግዲያው ፍታልኝ» አሉኝ።

«መሬት ያጣው ወጣት የማን ልጅ ነው?» ይላል ሰውዬው።

«የእኛ!» ይላል ሕዝቡ።

«እዚህ ላይ ያዳምጡልኝ» እላለሁ። «የሚጠይቀው መልሱ አንድ ብቻ የሆነውን ነው። ‹የለም፣ የጎረቤቴ ልጅ ነው› የሚል አባት የት ይገኛል? ቀጥሎ ደግሞ ‹ልጃችሁን ያስራበው ማን ነው?› ይላል። ለዚህኛው ግን ፋታ አይሰጥም፤ ራሱ ይመልሳል።»

«ቢሮክራሲ!» ይላል ካሴቱ። ጭብጨባው ይወርዳል።

«እኔ አላጨበጨብኩም። እጄ ጋቢዬ ውስጥ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ብርዱን ፈርቼ እንዳይመስልህ። አውቄ ነው።»

«ቢሮክራሲ ማለት ማን እንደሆነ የትም ቦታ አልተናገረም። ማስረጃ የሚባል አንድ የለም። ‹እኛ› እያለ ያሰባስብና ‹እነሱ› ብሎ ይለያል፤ በቃ።»

«የቅኔ ቤቱ የኔታ ቢሰሙት ‹ቤት አልመታም፣ ተመለስና ቁጠር› ይሉት ነበር።»

የሰውዬው ድምፅ መጎተት ይጀምራል፤ «ትግላችን» የምትለዋን ቃል ለመጨረስ አንድ ዳገት የሚያስወጣ ጊዜ ይፈጅበታል። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሟል። አባቴ አራቱንም አውጥተው በመንጋጋቸው ነከስ ነከስ ያደርጓቸውና ይመልሷቸዋል። በአባቴ ጥርስ ነፍስ የተዘራበት ሰውዬ አባቴን መክሰሱን ይቀጥላል።

አርባ። አርባ አንድ። ንግግሩ አለቀ።

«አባዬ፣ ድምፅ አልተሰጠም!» ብድግ እላለሁ። «‹የምትስማሙ እጅ አውጡ› ያለበት ቦታ የለም! የሚቃወም አለ ወይ ብሎም አልጠየቀም። ጭብጨባ ደግሞ ስምምነት አይደለም። ‹ሰምተናል፣ ወደ ቤታችን ልቀቁን› ማለት ነው።»

ደብተሬ ላይ «ሕዝቡ ተስማማ የተባለው ሐሰት ነው» ብዬ እጽፍና ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። አባቴ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አያለሁ።

«ነገ ከፈረዱልኝ ወንዝ ዳሩ ለጤፍ ይደርሳል» ይላሉ።

ቴፑን ማጥፋት ረስተናል። አንድ ሌላ ድምፅ፣ የሰብሳቢው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል።

«በሉ እንግዲህ፣ እንደ አገራችን ደንብ ታላላቆቻችን ይዝጉልን። አያ ይስማው፣ ይመርቁን።»

የአባቴ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ይቀራል። ከካሴቱ የሚወጣው ድምፅ የእሳቸው ነው፤ የሰከነ፣ ያማረ።

«ተሰብስቦ ከመበተን ይሰውረን።»

«አሜን!»

«ዝናሙን በወቅቱ ያምጣልን።»

«አሜን!»

«እኛን ከእናንተ፣ እናንተን ከእኛ አይለይብን። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።»

«አሜን!»

ሦስት መቶ ሰው ነው። ከጭብጨባው ሁሉ ይበልጣል። እጄ ሳላዛት አርባ ሁለተኛዋን ጭረት ጭራለች። ሰውዬው አርባ አንድ ጊዜ ለፍቶ ያልቋጨውን አባቴ በሦስት አሜን ቋጩለት።

«ምረቁ ሲሉኝ አልመርቅም ልበል?» ይላሉ፤ የሚያናግሩት ቴፑን ነው። «በዚህ ዕድሜዬ? በሰው ፊት?»

ዋናው ካሴት ቀበሌው ዘንድ ነው፤ ነገ ከእኛ በፊት ያጫውቱታል።

«በዚህ ላይ መልሶ መቅዳት ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ዋናው እኮ...»

«እሱን ተወው። ምርቃቴን አነሳለሁ።»

ቴፑ ልቅዳ እንዲል፣ ንግግሩ እንዳይጠፋ ተብሎ ክዳኑ የተሰበረው የካሴቱ ቀዳዳ መደፈን አለበት። ሁለት ጊዜ ካሰመርኩበት ገጽ ጥጉን ቀድጄ እወትፈዋለሁ። ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ።

አባቴ ይነሳሉ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ሌላ አቋቋም ስለማያውቁ፣ እንደሚመርቅ ሰው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ምንም አይወጣም።

ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጠብታ ትወድቃለች። ሌላ። ከዚያ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ የወቅቱ ዝናም፣ ለዘር የሚሆን። አባቴ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ካሴቱ ይዞራል፤ ዝናሙን ይቀዳል።