የተሳሳተው ስም

ፍሪጅ ጠጋኟ የቅባት እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ኢሜይሉን ከፈተችው። ያለ መብራት ወተት የሚያቀዘቅዝ ሣጥን ሠርታ፣ ለማታውቃቸው አርባ ባለሀብቶች ጽፋ ነበር፤ የመለሰላት ይህ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ «በተፎካካሪዬ ስም እየጠሩኝ ነው ገንዘብ የሚጠይቁኝ?»

«ጉድ ፈላ!» አለች በትከሻዋ አሻግራ ያነበበችው ታላቅ እህቷ። «በሞቴ፣ ቶሎ ይቅርታ ጠይቂ።»

ጠጋኟ የላከችውን ደብዳቤ በጣቷ ወረደችበት። መግቢያው ላይ ስሙ ልክ ነበር። ለተፎካካሪው ከጻፈችው ደብዳቤ ስትገለብጥ ስሙ ሳይቀየር የቀረው ሁለት ገጽ አልፎ፣ ስንብቱ ላይ ነበር። ሳቋ አመለጣት።

«አንብቦታላ!» አለችና መጻፍ ጀመረች፦ «ስምዎን የተሳሳትኩት መጨረሻው መስመር ላይ ነው። እዚያ ድረስ ካነበቡ፣ ነገሩ ጥሞዎታል ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ሱቄ መጥተው ሣጥኑን ይዩት።»

«ይቅርታውስ?»

«እሱን ሰውዬው ራሱ ሐሙስ ይዞልኝ ይመጣል፤ ከመጣ ይቅር ብሎኛል» አለችና ላከችው።