ከካፒቴኑ ጀርባ ያለችው ወንበር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞጣ በቆመችው አውሮፕላን ውስጥ ከመንገደኞቹ ሌላ ካፒቴን ሀብተ ሥላሴ፣ ረዳት አብራሪው ሙጀሂድና አስተናጋጇ እፀገነት ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች በራቸውን ቆልፈው ኮክፒቱ ውስጥ ናቸው። እፀገነት ከውጭ በሩን በጀርባዋ ይዛ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አንድ መቋሚያ የያዘ ሰው አልንቀሳቀስ ብሏል።

"ወንበርዎ ከኋላ ነው፣ ጋሼ።"

"የኔስ ጋቢና ነው፣ እታለም። ከሾፌሩ ጀርባ አንዲት ታጣፊ ወንበር አለች ይላሉ።"

"አይ ያገሬ ሰው! አይሱዙ መሰለው እንዴ!" አለ ከመንገደኞቹ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እፀገነትም ሳቋን ዋጥ አደረገች።

"አለች፣ ጋሼ። እዚያ የሚቀመጠው ግን መታወቂያውን እኔ ያየሁለት፣ ካፒቴኑም በስሙ የፈቀደለት የበረራ ሠራተኛ ብቻ ነው።"

"እንግዲያ ስሜን ንገሪው። የቢቸናው ስጦታው በይው።"

"ያውቅዎታል?"

"በዐይን አያውቀኝም። በደም የምንፈላለግ ሰዎች ነን።"

እፀገነት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ሲጠፋፉ የኖሩ የሥጋ ዘመዳሞች መሰሏት። ዘመድም ቢሆን አይገባም፤ ግን ያገር ሰው ሰላም ሳይባል አይመለስ ብላ የውስጥ ስልኩን አነሣች።

"ካፒቴን፣ ስጦታው የሚባሉ ዘመድዎ ከቢቸና መጥተዋል። በደም እንፈላለጋለን ይላሉ።"

የመንገደኞቹ ሳቅ ጠፋ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊት አማተቡ። ከዚያ የሀብተ ሥላሴ ድምፅ በስልኩ ቀጥኖ መጣ።

"አባቴ አባቱን ገድሏል። ሽሺ።"

ለመሸሽ ጊዜ አላገኘችም። ፈታሾቹ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው ብለው ያሳለፉት መቋሚያ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዷን አገኛት፤ ተንሸራትታ ከበሩ ሥር ቁጭ አለች። ሊይዘው የተነሣውን ጎልማሳ አፉን ብሎ ጥርሱን አረገፈው። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቀረበ ሰው የለም።

"ክፈቺ!"

"ከውጭ አይከፈትም" አለች፣ ደሟን እየተፋች።

እውነቷን ነው። ያ በር በመጥረቢያም አይበገርም። የሚከፍተው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ስጦታውም ይህ ገባው። መምታቱን ተወ። መቋሚያውን ገልብጦ የብረት ጫፉን ወደ ላይ አደረገና አፉን ከበሩ አስጠግቶ፣ ቅኔ እንደሚቀኝ ሰው ቃሉን እየመረጠ ተናገረ።

"ሀብተ ሥላሴ! አባትህስ ፊት ለፊት ወጥቶ ነው የገደለ። አንተ ሴት አቁመህ ታስደበድባለህ? ቀሚሷን ላቀብልህ?"

ከውስጥ ሙጀሂድ "ተው ካፒቴን! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተው!" ሲል ተሰማት።

እፀገነት "አትክፈት" ልትል አፏን ከፈተች። ደም እንጂ ቃል አልወጣትም። ባልተሰበረው ትከሻዋ በሩን ተደግፋ ገፋችው።

ከጆሮዋ አጠገብ ቁልፉ ቀጭ አለ።

አውሮፕላኗን ሰኞ ዕለት፣ በሀብተ ሥላሴ ቀብር ማግስት፣ ሌላ ካፒቴን መጥቶ ወሰዳት።